አሮጌው ፔጆ 205 ጂቲአይ እና የደንገጎ ቁልቁለት፦ ድሬዳዋ ውስጥ በአነስተኛ ገንዘብ የታደሰ ፍሬን

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ስመለስ፣ ደንገጎን አልፌ ቁልቁለቱን ከተያያዝኩት በኋላ፣ አንድ ጠባብ ኩርባ መግቢያ ላይ የፍሬኑ ፔዳል ከእግሬ ሥር ለስልሶ ወደ ወለሉ ሰመጠ። ከፊቴ ሙሉ ጭነት የያዘ አይሱዙ በዝግታ ይወርድ ነበር፤ አጠገቤ ታላቅ እህቴ ተቀምጣለች። ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ደጋግሜ ስረግጠው ጥቂት ጉልበት ተመለሰለት፤ ማርሹን ወደ ሁለተኛ አውርጄ፣ የእጅ ፍሬኑን በጥንቃቄ እየሳብኩ፣ ከአስፋልቱ ዳር ባለው ጠጠር ላይ መኪናውን አቆምኩት። የፊት ጎማዎቹ አካባቢ ከባድ የቃጠሎ ሽታ ነበረ። አንድ ሰዓት ያህል ጥላ ሥር ከጠበቅን በኋላ ፔዳሉን ስሞክረው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ጠንካራ ሆኖ አገኘሁት። ነገሩን ከሥሩ እንድመረምር ያደረገኝ ይህ መመለሱ ነው፤ ዘይት የሚያፈስ ፍሬን በመቀዝቀዝ ብቻ አይድንምና።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ቀን በኋላ ሥራውን የሠራልኝን ጋራዥ፣ የተገጠሙትን ዕቃዎችና ያወጣሁትን ገንዘብ የሚመዝን ነው። ጋራዡ ሳቢያን ውስጥ የሚገኝ፣ በሩ ላይ ሰሌዳ የሌለው፣ አንድ አዛውንት መካኒክ ከሁለት ወጣቶች ጋር የሚሠሩበት ግቢ ነው። ሰውዬው ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ፈቃዳቸውን አክብሬያለሁ። ሙያውን የለመዱት ሐረርና ድሬዳዋ ለዘመናት በታክሲነት ባገለገሉት ፔጆ 404 መኪኖች ላይ ነው፤ 404 መጀመሪያ ሲመረት በአራቱም እግሩ በታምቡር (ከጎማው ጋር በሚዞር፣ ሙቀትን ቶሎ በማያስወጣ ዝግ ክብ ብረት) የሚይዝ መኪና ስለነበረ፣ የሙቀትን ነገር እሳቸው ከማንም በፊት በእጃቸው ተምረውታል። ፈረንሳይ ሠራሽ መኪና ለያዘ ሰው እንዲህ ያለ እጅ በድሬዳዋ መገኘቱ ትልቅ ዕድል ነው። በባቡሩ ምክንያት የተቆረቆረችው ከተማ ከጅቡቲ ጋር ያላት ዝምድና ዛሬም የፔጆ መለዋወጫ ለሚፈልግ ሰው በር ይከፍታል።

ስለ መኪናው ጥቂት ልበል። 205 ጂቲአይ እ.ኤ.አ. በ1984 ባለ 1.6 ሊትር ሞተር ሆኖ ወጣ፤ በ1986 ደግሞ 130 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 1.9 ሊትር ተጨመረ። የእኔው እ.ኤ.አ. የ1988 ባለ 1.9 ነው። በ1985 እና በ1986 የዓለም ራሊ ሻምፒዮና ያሸነፈው 205 ቱርቦ 16 ከዚህ መኪና ጋር የሚጋራው መልኩንና ስሙን ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ቢሆንም ባዶውን 900 ኪሎ ግራም የማይሞላ አካል በ130 ፈረስ መጎተት ለዘመኑ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ዛሬም ከብዙ አዳዲስ መኪኖች ይልቅ ነፍስ አለው። ፍሬኑ ከፊት ዲያሜትራቸው 247 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በመሃላቸው አየር የሚያልፍባቸው ዲስኮች፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞሩ የብረት ሰሃኖች ነው። ባለ 1.6ቱ ከኋላ በታምቡር ሲይዝ ባለ 1.9ኙ ከኋላም ዲስክ አለው። ለክብደቱ ሲታሰብ ይህ በቂ ነው፤ ችግሩ ከ35 ዓመት በላይ በቂ ሆኖ ይቆያል ብሎ ማመን ነው።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ደንገጎ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ሁለት ሰውና ጥቂት ዕቃ የያዘች መኪና 1,000 ኪሎ ግራም ትመዝናለች ብለን ብናሰላ፣ ይህን 800 ሜትር ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት 7.8 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይሆናል። በቤት ቋንቋ ለመግለጽ ያህል፣ ይህ ጉልበት አንድ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውሃን ከክፍል ሙቀት አንሥቶ እስከ መፍላት ያደርሳል። ነፋሱና የጎማው መጎተት ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ አሽከርካሪው በማርሽ ከወረደ ሞተሩም ትልቅ ድርሻ ይወስዳል፤ የቀረውን ግን በሙሉ የሚቀበሉት ዲስኮቹ ናቸው፤ ከእነሱም ውስጥ አብዛኛውን የፊቶቹ። ስለዚህ በከተማ ውስጥ፣ ከዚራ ጥላ ሥር ወይም በደቻቱ ድልድይ ላይ ጥሩ የሚይዝ ፍሬን፣ ደንገጎ ላይም ጥሩ ይይዛል ማለት አይደለም። አንድ ጊዜ አጥብቆ መያዝ ሌላ፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ሙሉ እየተመላለሰ መያዝ ሌላ ነው።

እኔ ወደ ጋራዡ የሄድኩት ይህን ልዩነት ሳልለይ ነው። በ205 ባለቤቶች ዘንድ የታወቀውን መንገድ ይዤ ነበር የገባሁት፦ ከፔጆ 405 ኤምአይ16 የሚወሰዱ 266 ሚሊ ሜትር ዲስኮችን ከነካሊፐራቸው (ሸራውን፣ ማለትም ዲስኩን ቆንጥጦ የሚይዘውን ንጣፍ፣ በዘይት ግፊት ከሚገፋው ክፍል ጋር) መግጠም። ብሎኖቹ ይገጥማሉ፤ ባለ 15 ኢንቹ የመኪናው ቸርኬም ይሸፍናቸዋል። የበለጠ ገንዘብ ያለው ከ306 ጂቲአይ-6 የሚመጡትን 283 ሚሊ ሜትር ይመርጣል፤ እነሱ ግን ከቸርኬው ጋር ይጣላሉ። አንድ ዘመዴ ጅቡቲ ውስጥ ያገለገለ የ405 ካሊፐር አግኝቶልኝ፣ ከአዲስ ዲስክ፣ ከሸራና ከማጓጓዣው ጋር 62,000 ብር እንደሚደርስ አስልተናል። ገንዘቡን በብድር አሟልቼ ልልክለት ተቃርቤ ነበር።

አዛውንቱ ሐሳቤን ጨርሰው ካዳመጡኝ በኋላ ፔዳሉን አንድ ጊዜ በእጃቸው ተጭነው፣ «አቦ፣ አንተ ልጅ፣ ትንሹ ፍሬንህ ምን እንደሚችል መቼ አየኸውና ነው ትልቅ የምትፈልገው?» አሉኝ። መጀመሪያ የነበረውን እንደ አዲስ አድርገን እንመልሰው፣ ደንገጎን ወርደህ ታየዋለህ፣ ካልበቃህ ያኔ ትልቁን እገጥምልሃለሁ የሚል ነበር ሐሳባቸው። ሥራ እየሸሹ መሰለኝ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ግን፣ ለጋራዡ የበለጠ ገቢ የሚያመጣውን ሥራ ትተው ለደንበኛው የሚበጀውን መምረጣቸው፣ ይህን ግምገማ እንድጽፍ ካነሣሡኝ ምክንያቶች ዋነኛው ነው።

መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማዎቹ ሲወልቁ የታየው ነገር ለእሳቸው አዲስ አልነበረም። የፊት ግራ ጎማ በእጅ ሲዞር ከበድ አለ፤ ፔዳሉ ተረግጦ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ጭርሱን አልዞር አለ። አዛውንቱ ወደ ካሊፐሩ የሚገባውን የጎማ ቱቦ ፈትተው አወጡና፣ በምላጭ ከዳር እስከ ዳር ለሁለት ሰነጠቁት። ከውጭ ሲታይ ከጥቃቅን ስንጥቆች በስተቀር ደህና የሚመስለው ቱቦ፣ ውስጡ አብጦ፣ ግድግዳው ተላጦ፣ ቀዳዳው መርፌ ቁልፍ የሚያሳልፍ ብቻ ሆኗል። እግሬ በኃይል ሲረግጥ ዘይቱ ተገፍቶ ያልፋል፤ እግሬን ሳነሣ ግን የሚመልሰው ጉልበት ስለሌለ፣ ዘይቱ ካሊፐሩ ውስጥ እንደታፈነ ይቀራል፤ ሸራውም ዲስኩን እንደያዘ ይጓዛል። ያን ቀን ከሐረር እስከ ደንገጎ ባለው መንገድ ሁሉ የግራው ፍሬን ሳላውቀው ይይዝ ነበር ማለት ነው፤ ቁልቁለቱን የጀመርኩት በጋለ ፍሬን ነው። ያቺ በምላጭ የተሰነጠቀች ቱቦ እስከ ዛሬ በቤቴ መደርደሪያ ላይ ትገኛለች፤ የአሮጌ መኪና ባለቤት የሆነ ወዳጅ በመጣ ቁጥር አሳየዋለሁ።

አራቱም ቱቦዎች በአዲስ ተተኩ። በብረት ሽቦ የተጠለፈውን ዓይነት መግጠም እንችል ነበር፤ እሱ ሲጫኑት ስለማይለጠጥ ፔዳሉን ጠንከር ያደርጋል። ሆኖም ዋጋው በጣም ስለሚበልጥና አዲስ የጎማ ቱቦም በመንገድ ላይ ለሚነዳ መኪና በቂ ስለሆነ ተራውን መረጥን። ካሊፐሮቹ ተፈተው፣ ጎሚኒዎቻቸው (ዘይቱ እንዳያፈስ የሚይዙት የጎማ ቀለበቶች) በሙሉ ተለወጡ። የኋላዎቹ ይበልጥ አስቸጋሪ ነበሩ፤ በባለ 1.9ኙ ላይ የእጅ ፍሬኑ የሚሠራው በራሱ በካሊፐሩ በኩል ስለሆነ፣ የገመዱ ክንድ በዝገት ተይዞ ከኋላ ቀኙ ጨርሶ አይሠራም ነበር። ያን ቀን ቁልቁለቱ ላይ የሳብኩት የእጅ ፍሬን የያዘው በአንድ ጎማ ብቻ እንደነበረ ያወቅኩት እዚያ ቆሜ ነው። ካሊፐሩ ውስጥ ሆኖ ሸራውን ከሚገፋው ፒስተን አንደኛው የፊቱ ገላው ላይ የዝገት ጉድጓድ ስለነበረበት በቀላሉ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ እንዲመለስ ጠይቄ ነበር፤ አዛውንቱ ግን አዲስ ጎሚኒ በተቦረቦረ ብረት ላይ እንደማይቆይ ነግረውኝ፣ ካስቀመጡት አሮጌ ካሊፐር ውስጥ ንጹሕ ፒስተን አውጥተው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ገጠሙልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ እሱም የፍሬን ዘይት ነው። የበጀት ጥያቄ ያለበት ሰው ይህን አንቀጽ ብቻ ቢያነብ እንኳ ደስ ይለኛል። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 የሚባሉት ዘይቶች በተፈጥሯቸው ከአየር ላይ እርጥበት የሚስቡ ናቸው፤ በቱቦውና በማጠራቀሚያው ክዳን በኩል ዓመቱን ሙሉ ውሃ ይጠጣሉ። ዶት 4 ከጠርሙሱ አዲስ ሲወጣ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ 3.7 በመቶ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ለዶት 3 ቁጥሮቹ 205 እና 140 ናቸው። ዘይት ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፤ ዘይት ሲጫኑት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል፤ ስለዚህ እግር የሚረግጠው ሁሉ አረፋውን በመጭመቅ ያልቅና ወደ ሸራው የሚደርስ ጉልበት አይኖርም። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ዘይት ይሆናል፤ ፔዳሉም ይጠነክራል። በእኔ ላይ የደረሰው በትክክል ይህ ነው። አሽከርካሪው ሲቀዘቅዝ የዳነ መስሎት ጉዞውን ይቀጥላል፤ የዚህ ሕመም ክፋቱም እዚህ ላይ ነው።

ከካሊፐሩ የወጣው ዘይት የሐረር ቡና አተላ ይመስል ነበር። መኪናውን ከገዛሁ 6 ዓመት ሲሆነኝ አንድም ቀን አላስለወጥኩትም፤ ሲጎድል ብቻ እሞላ ነበር። አዛውንቱ በአንድ ሊትር ዶት 4 መላውን መስመር አጥበው በሁለተኛው ሊትር ሞሉት፤ አየሩን ሲያስወጡም አንዱ ወጣት ፔዳሉን ቀስ ብሎ እየረገጠ፣ እሳቸው በጠርሙስ ውስጥ በነከሩት ግልጽ ቱቦ እያዩ፣ በእያንዳንዱ ጎማ ላይ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ አልተቻኮሉም። በየጋራዡ የማያቸው ክዳናቸው ተከፍቶ ለሳምንታት የሚቆሙ የፍሬን ዘይት ጠርሙሶች የሚያስከትሉትን ጉዳት ከዚህ ወዲያ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ ዘይቱ መኪናው ውስጥ ሳይገባ እርጥበቱን ጠጥቶ ይጨርሳል። እዚህ ጋራዥ ጠርሙሱ በፊቴ ታሽጎ መጥቶ በፊቴ ተከፍቷል፤ የተረፈውንም ለሌላ ደንበኛ አላስቀመጡትም። ዶት 5 የሚባለው ግን ስሙ ቢመሳሰልም ሲሊኮን ስለሆነ ከእነዚህ ጋር የማይቀላቀል ሌላ ነገር ነው፤ ሱቅ ውስጥ «ቁጥሩ ከፍ ያለ ይሻላል» ብሎ የሚሸጥ ሰው ቢገጥማችሁ አትቀበሉት።

ሸራን በተመለከተ የምናገረው ከተቃጠለ ጣት ነው። ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት፣ ከገበያ ውስጥ ከአንድ ሱቅ፣ በታወቀ ብራንድ ካርቶን የታሸገ የፊት ሸራ በግማሽ ዋጋ ገዝቼ ነበር። ሲፈታ የታየው ሸራ ዳርና ዳሩ ተፈርፍሮ፣ አንደኛው ላይ ደግሞ መያዣው ከተጣበቀበት ብረት መላቀቅ ጀምሮ ጥፍር ያስገባ ነበር። ካርቶኑ እውነተኛ ይመስላል፤ ውስጡ ግን አስመስሎ የተሠራ ነው። አዛውንቱ ሸራ ሲገዙ የሚያዩት ካርቶኑን ሳይሆን ዕቃውን ነው፦ በጀርባው ብረት ላይ ቁጥሩ በግልጽ ታትሞ እንደሆነ፣ ሸራውና ብረቱ የሚገናኙበት መስመር ክፍተት የሌለው እንደሆነ፣ አራቱም ሸራዎች በመልክና በክብደት አንድ እንደሆኑ። አሁን የተገጠመው የፌሮዶ ሸራ ከጅቡቲ፣ ቀረጡ ተከፍሎበት የመጣ ነው። ለውድድር ተብሎ የሚሠራውን ጠንካራ ሸራ አልመረጥንም፤ እንዲህ ያለው ሸራ ካልሞቀ በደንብ አይዝም፣ መኪናዬ ደግሞ ከሳምንቱ ስድስቱን ቀን የምትውለው በባጃጆች መካከል በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው።

ዲስኮቹን ቶርኖ ቤት አስገብቶ ማስላጥ በከተማችን የተለመደ ነው፤ ወጪውም ትንሽ ነው። እኔም ይህን ጠይቄ ነበር። መለኪያው ሲቀመጥ ግን የፊቶቹ ዲስኮች ጎናቸው ላይ ከተቀረጸው ዝቅተኛ ውፍረት በታች ደርሰው ተገኙ፤ አንድ ጊዜ ተልጠው ስለነበረ ነው። ብረቱ በሳሳ ቁጥር ሙቀት የሚሸከምበት አካል ይቀንሳል፤ ያው ቁልቁለት ቀጭኑን ዲስክ ይበልጥ ያግለዋል። ስለዚህ ለደንገጎ ሰው የሳሳ ዲስክ ማስላጥ በሁለት ሺህ ብር ችግርን መግዛት ነው። ሁለት አዲስ የብሬምቦ ዲስኮች በ14,000 ብር መጡ፤ ተራዎቹ፣ ቀዳዳ የሌላቸው። ፊታቸው የተበሳሳ ዲስክ ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን ከቀዳዳው ዙሪያ መሰንጠቅ ይወዳል፤ በርካሹ ዓይነት ላይ ደግሞ ይህ ይብሳል።

የ266ቱን ነገር ሙሉ በሙሉ አላጣጣልኩትም፤ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚወስድ ግን አሁን በቁጥር አውቃለሁ። ዲስኩ በዲያሜትር 19 ሚሊ ሜትር ሲያድግ ሸራው የሚይዝበት ቦታ ከመሃሉ ይርቃልና፣ በተመሳሳይ የእግር ጉልበት ከ8 እስከ 10 በመቶ የሚደርስ ተጨማሪ ኃይል ይገኛል፤ የብረቱ መጠንም ስለሚጨምር ሙቀት የመሸከም ዐቅሙ ያድጋል። በሌላ በኩል የካሊፐሩ ፒስተን ትልቅ ከሆነ ዋናው የፍሬን ፖምፓ ብዙ ዘይት መግፋት ይኖርበታል፤ ለምሳሌ ፒስተኑ ከ48 ወደ 54 ሚሊ ሜትር ቢያድግ የሚፈልገው ዘይት በ27 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ፖምፓው ካልተለወጠ ፔዳሉ ይረዝማል። የፊቱና የኋላው ሚዛንም ወደ ፊት ያደላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ መኪና የሚቆመው በመጨረሻ በጎማው ነው። ጤነኛው 247 ፍሬን በደረቅ አስፋልት ላይ ጎማዎቹን መቆለፍ ይችላል፤ ጎማውን መቆለፍ የቻለ ፍሬን ላይ ሌላ ጉልበት መጨመር በአንድ ጊዜ መያዝ ረገድ ርቀቱን አያሳጥረውም። ትልቅ ዲስክ የሚጠቅመው ተደጋጋሚ ሙቀት ላይ ነው፤ ተደጋጋሚውን ሙቀት ደግሞ ከዲስክ በፊት ንጹሕ ዘይት፣ ሙሉ ውፍረት ያለው ብረትና በቀኝ እጅ ዝቅ የሚደረግ ማርሽ ይመክቱታል።

ስለ ኋላው ፍሬን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ባለ 1.6 ያላቸው ሰዎች የኋላውን ታምቡር ወደ ዲስክ ለመለወጥ ሲያስቡ ስለምሰማ ነው። 205 ጂቲአይ ኩርባ ውስጥ ነዳጅ ድንገት ሲለቀቅበት ወይም ፍሬን ሲያዝበት ኋላው የሚቀልና የሚዞር መኪና ነው፤ ጠባዩ የታወቀ ነው። በእንዲህ ያለ መኪና ላይ ለኋላ ጎማዎች ያለ ልክ ኃይል መጨመር፣ ቁልቁለት ኩርባ ላይ ኋላውን ቀድሞ እንዲቆለፍ ማድረግ ነው። የኋላውን ግፊት የሚወስነውን ቫልቭ «ይበልጥ እንዲይዝ» ብሎ የሚያነሣ መካኒክ ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አዲስ ሸራና አዲስ ዲስክ እስኪላመዱ ድረስ ደንገጎን መሞከር አልነበረብኝም። በማለዳ ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው ለጥ ያለ መንገድ ላይ፣ ከ60 ኪሎ ሜትር ወደ 20 እያወረድኩ፣ ሙሉ በሙሉ ሳላቆም፣ በየመካከሉ እያቀዘቀዝኩ አሥር ጊዜ ያህል ያዝኩ። ከዚያ ለአንድ ሳምንት በከተማ ብቻ ነዳሁ። በስምንተኛው ቀን አዛውንቱን ጎን አስቀምጬ ወደ ደንገጎ ወጣሁ። በመጀመሪያው ጊዜ በሦስተኛ ማርሽ፣ በሁለተኛው ጊዜ በሁለተኛ ማርሽ ወረድን፤ ታች ደርሰን እንደቆምን ከጓደኛ በተዋስኩት በርቀት በሚለካ የሙቀት መለኪያ የፊት ዲስኮቹን ስለካ፣ በመጀመሪያው 310 ዲግሪ፣ በሁለተኛው 190 ዲግሪ አነበብኩ። ያው መኪና፣ ያው መንገድ፣ ያው ፍሬን ነው፤ ልዩነቱ የማርሹ ብቻ ነው። በሁለቱም ጊዜ ፔዳሉ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቁመት ላይ ቆየ፤ የግራና የቀኙ ዲስክ ሙቀትም ከ10 ዲግሪ በላይ አልተራራቀም፤ ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ምስክር ይህ ነው፣ የታፈነው ቱቦ ነገር ማለቁን ያሳያልና። አዛውንቱ ቁልቁለቱን በሙሉ ሳይናገሩ ወርደው፣ ታች ስንደርስ እጃቸውን ወደ ቸርኬው አስጠግተው ሙቀቱን ካዳመጡ በኋላ፣ «አሁን ፍሬን ሆነ» አሉ።

ወጪው እንዲህ ነው፦ የፊት ዲስክ 14,000፣ የፊት ሸራ 8,500፣ የኋላ ሸራ 5,200፣ አራት ቱቦ 6,800፣ የአራቱ ካሊፐር ጎሚኒ 4,500፣ ሁለት ሊትር ዶት 4 ዘይት 2,800፣ የእጅ ሥራ 7,500፤ በድምሩ 49,300 ብር። ገንዘቡ ለሚያጥረው ሰው ቅደም ተከተሉን ልንገር። በመጀመሪያ ዘይቱንና ቱቦዎቹን ይለውጥ፤ ለእኔ 9,600 ብር ነበር፤ ያን ቀን ቁልቁለቱ ላይ የከዱኝ ሁለቱም እነዚህ ናቸው። ከዚያ ካሊፐሩን፣ ከዚያ ሸራውን፣ ዲስኩን ደግሞ መለኪያው ሲያዝዝ።

ጋራዡ እንከን የለውም አልልም። ሁለት ቀን ተብሎ የተጀመረው ሥራ አምስት ቀን ፈጀ፤ ከመዘግየቱ ይልቅ ያስከፋኝ በየቀኑ «ነገ» መባሌ ነበር፤ ስልክ ተደውሎ አልተነገረኝም። ከወጣቶቹ አንዱ የፊት ቀኙን ቱቦ ጠምዝዞ ስላሠረው፣ መሪው ሙሉ በሙሉ ሲዞር ጎማውን ይነካ ነበር፤ ይህን ያየሁት በማግስቱ ቤቴ ሆኜ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሬ ስመረምር ነው። መልሼ ስወስደው አዛውንቱ ሳይከራከሩ ራሳቸው አስተካከሉት፤ ልጁንም ጠርተው ለምን እንደሆነ በእርጋታ አስረዱት። ቢሆንም ባልመረምረው ኖሮ አዲሱ ቱቦ በጥቂት ወራት ውስጥ ይበሳ ነበር፤ ማንም ከየትኛውም ጋራዥ የፍሬን ሥራ ሲረከብ መሪውን ወደ ሁለቱም ጎን እስከ መጨረሻው አዙሮ ቱቦዎቹን በዓይኑ ማየት አለበት። ደግሞም ብሎኖችን የሚያጠብቁት በክንድ ልማድ ብቻ ነው፤ የመጠን መለኪያ ያለው ቁልፍ ግቢው ውስጥ የለም። ለሞተር ሥራ ቢሆን በዚህ ምክንያት ሌላ ቦታ እወስደው ነበር።

ወደዚያ መሄድ የሚፈልግ ሰው በማለዳ ቢደርስ ይሻለዋል፤ እንደ ከተማው ልማድ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ሙቀቱን ሸሽተው ይዘጋሉ፣ የሚቀበሉትም በቀን አንድ የፍሬን ሥራ ብቻ ነው። ዘይቱን የገዛችሁበትን ጠርሙስ ሳትከፍቱ ይዛችሁ ብትሄዱ ይቀበሏችኋል። ለእኔ ሥራው ሲያልቅ ዘይቱ የተለወጠበትን ቀን በነጭ ቀለም በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ጽፈውልኛል፤ ከሥሩም ከሁለት ዓመት በኋላ ያለውን ቀን።